ሊብሬው ያላረጀ ሞተር

ቡሹሎ ከተማና ገጠር የሚገናኙበት የሐዋሳ ዳርቻ ነው። ባጃጅ መንገዱ እስከፈቀደለት ድረስ ይሄዳል፤ እንሰት ግራና ቀኝ የከበበው ቀጭን መንገድ ሲጀምር ግን ሥራው የሞተር ይሆናል። በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቆሮሶው ከሐይቁ ወደ ገበያ፣ ሲሚንቶው ወደ ግንባታ የሚሄደው በእሱ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ያማሃ ሲሸጥ ባለቤቱ ከገዛበት ብዙ እጥፍ ይጠራል። ገዢውም አይስቅበትም፤ ቆሞ ይከራከራል።

በሌላው ዕቃ የለመድነው ሌላ ነው። ጫማ ሲያረጅ፣ ቴሌቪዥን ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። አሮጌ ሞተር ለምን አልወርድም ይላል? ብዙ ሰው «ድሮ ሲሠሩ ከልባቸው ነበር» ብሎ ያልፈዋል። እውነት የለውም አልልም፤ ነገር ግን የሚያስረዳው የዋጋውን ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። ትልቁ ክፍል ያለው ከብረቱ ውጭ ነው፦ በሊብሬው፣ በጉምሩክ፣ በብርና በዶላር መካከል፣ እንዲሁም አዲስ ሞተር ነገ ስንት ይገባል በሚለው ግምት ውስጥ።

መጀመሪያ የሌላውን ዓለም ገበያ እንይ፣ የእኛ በምን እንደሚለይ እንዲታይ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ላስ ቬጋስ ላይ በተደረገ ጨረታ የ1951 ሥሪት የሆነ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ በ929 ሺህ ዶላር ተሸጠ። እንግሊዝ አገር የተሠሩት የዚህ ሞዴል ሞተሮች በጠቅላላው ወደ 30 ብቻ ናቸው። ዝናው የጀመረውም ገና ለገበያ ሳይቀርብ ነው፤ በ1948 ሮሊ ፍሪ የሚባል አሜሪካዊ በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እንዳይዘው ልብሱን አውልቆ በዋና ቁምጣ ብቻ ሞተሩ ላይ በሆዱ ተዘርግቶ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ በረረበት። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ይዞራል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2023፣ እዚያው ላስ ቬጋስ አንድ የ1908 ሃርሊ ዴቪድሰን 935 ሺህ ዶላር አወጣ።

በዚያ ገበያ ዋጋ የሚሰጠው ለብርቅነት፣ ለታሪክና ላልተነካ አካል ነው። ገዢው ሞተሩን ነድቶ ገበያ አይሄድም፤ መስታወት ውስጥ ያቆመዋል፤ ምናልባት በዓመት አንድ ቀን እሑድ ጠዋት ያስነሳዋል። የሚመረምረውም ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥርና ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር መግጠማቸውን ነው። ከገጠሙ ዋጋው ይሰቀላል፤ ካልገጠሙ ይንኮታኮታል።

ቡሹሎ ላይም ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ስም አይዞርም፣ ቦሎ አይገኝም፣ ትራፊክ ባስቆመ ቁጥር ጣጣ ነው። የሞተር ቁጥሩም በሕጋዊ መንገድ ያልተመዘገበ ለውጥ ካለው እንዲሁ። ሰብሳቢው ቁጥሩን ለታሪክ ይፈልገዋል፤ የእኛ ሰው ለሰኞ ጠዋት ሥራ። የእኛ አገር አሮጌ ሞተር የሚገመተው እንደ እርሻ በሬ ነው፦ ያለፈው ገድሉ አይጠየቅም፣ ገና ስንት ክረምት ያርሳል ነው የሚባለው።

ታዲያ እነዚህ ሞተሮች ከየት መጡ? ቀደምቶቹ የጦር ናቸው። የፋሺስት ጦር በ1928 ሲወር ይዟቸው ከመጣቸው መካከል ባለ 500 ሲሲው ሞቶ ጉዚ ይገኝበታል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ቬስፓ መጣ። የጣሊያኑ ፒያጆ ቬስፓን የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ በፋብሪካው አውሮፕላን መሥራት ሲከለከል መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል የማይወድ ሰው ሆኖ ሳለ የሠራው ሞተር ነው፤ ልብስ የማያቆሽሽ፣ እግር ሳይሰቀል የሚቀመጡበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ባለ ሦስት እግር ታናሽ ወንድም ተወለደለት፤ ሕንዳዊው ባጃጅም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፒያጆን ፈቃድ ይዞ ሁለቱንም መሥራት ጀመረ። ዛሬ የሐዋሳን ጎዳና የሞላው ባለ ሦስት እግር የዚያው የቬስፓ የልጅ ልጅ ነው። አያትየው ራሱ በሐዋሳ ብርቅ ሆኗል፤ ከተማዋ የተቆረቆረችውም በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ስለሆነ አዲስ አበባና አስመራ ያሳለፉት የቬስፓ ዘመን እምብዛም አልነካትም።

ለደቡቡ ገጠር ወሳኙ ሦስተኛው ማዕበል ነው፦ የመሥሪያ ቤትና የዕርዳታ ድርጅት ሞተር። ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ፣ ሱዙኪ ቲኤፍ፣ ሆንዳ ኤክስኤል። ክትባት የሚሰጠው፣ የግብርና ባለሙያው፣ ሚሲዮኑ፣ የውኃ ፕሮጀክቱ ሁሉ በእነዚህ ሄደዋል። ከእነሱ ውስጥ እኔ የማደላው ለኤጂ 100 ነው። ያማሃ ይህን ሞተር ያሰበው ለአውስትራሊያና ለኒው ዚላንድ የእርሻ ሰዎች ነበር፤ ያሰበበት ደግሞ አካሉ ላይ ይታያል። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ፍርግርግ አለው። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ተዘግቷል፤ ጭቃ አይበላውም። መቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ ወደፈለጉት ጎን ያቆሙታል። ውበት የሚባል ነገር አልሰጡትም። እንዲህ ያለው ሞተር በደንብ ከተያዘ ለምን ሠላሳ ዓመት እንደሚቆይ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

እነዚህ ሞተሮች ከመሥሪያ ቤት ወደ ግለሰብ የሚወጡት ባብዛኛው በጨረታ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችና ሞተር ሳይክሎች» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ የለም፤ ተጫራቹ በሲፒኦ ማስያዣ ያስይዛል፣ ንብረቱን «ባለበት ሁኔታ» ይወስዳል። እነዚህ ሁለት ቃላት ከባድ ናቸው። ሞተሩ ቢነክስ፣ ማርሹ ባይገባ፣ ካርቡራቶሩ በሌላ ተለውጦ ቢገኝ ጥያቄ የለም ማለት ነው። ጨረታ ቤት ጥግ ላይ ጎማው ተንፍሶ አምስት ዓመት የቆመ ሞተር በርካሽ ተገዝቶ፣ ሁለት ሳምንት ጋራዥ ገብቶ፣ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ በሌላ ዋጋ ይወጣል። የአሮጌ ሞተር ነጋዴ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ኪሳራም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የዕርዳታ ድርጅት ሞተር በአብዛኛው ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው። መብቱ የድርጅቱ እንጂ የሞተሩ አይደለም፤ ይህ መብት ወደሌለው ግለሰብ ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። ስለዚህ ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ጤና ያላቸው ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመው ዋጋቸው ሊራራቅ ይችላል፦ አንዱ ቀረጡ ተከፍሎ በግለሰብ ታርጋ የሚሄድ፣ ሌላው ገና ያልጨረሰ። ደላላ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ወረቀቱ ትንሽ ነገር ይቀረዋል» ካለ ትንሹ ነገር ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል ይታወቅ።

ሕጉም በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ባለቤትነቱም አብሮ ይተላለፋል ይላል፤ እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ያሉ ልዩ ዕቃዎችን ግን ለልዩ ሕግ ትቷቸዋል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪን መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ ይደነግጋል። መንደር ውስጥ ሦስት ምስክር ይዞ በደብተር ወረቀት የተፈረመ ውል ያጣላ እንደሆነ እንጂ ታርጋ አያዞርም። ያም ሆኖ በእንዲህ ያለ ወረቀት ከአራትና አምስት እጅ በላይ ያለፈ ሞተር ሞልቷል። የመጀመሪያው ባለ ሊብሬ አገር ለቆ ሄዷል፣ ወይም አርፎ ወራሾቹ ተጣልተዋል። እንዲህ ያለው ሞተር ይነዳል፣ ይሠራል፣ ቆሮሶ ይጭናል፤ ሲሸጥ ግን ዋጋው የጤነኛ ሳይሆን የተጠርጣሪ ነው። የባሰም አለ። የሞተ ሞተር ሊብሬ ብቻውን ይሸጥና ቁጥሩ ሌላ ሻንሲ ላይ በብየዳ ይቀመጣል። ይህ ወንጀል ነው፤ ከገዢው እጅ ሲገኝም «አላውቅም ነበር» ማለት ንብረቱን አያስመልስም። ቁጥሩ ዙሪያ አዲስ ቀለም፣ የተፋቀ ብረት፣ የማይመሳሰሉ ፊደሎች ከታዩ ሻዩን ጠጥቶ መሄድ ነው።

ግዢው ራሱ ምን ይመስላል? አዋቂ ገዢ ሻጩን ማታውኑ ደውሎ «ሞተሯን ሳታሞቋት ጠብቁኝ» ይላል፤ ጠዋት በማለዳም ይደርሳል። ሲደርስ ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁን ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፋል። ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቷታል፤ ለምን? ብርድ ላይ የማትነሳ ብትሆን ነዋ።

«ጋሽዬ፣ ዛሬ ወጥተውባታል እንዴ?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ከትናንት ወዲህ አልተነካችም።»

«እሺ፣ እስቲ እኔ ልምታት።»

መርገጫውን ይመታል። ሁለቴ፣ ሦስቴ እስኪመታ ቢነሳ ጥሩ ነው። ከዚያ ማርሚታው ኋላ ይቆማል። ዲቲና ኤጂ 100 ሁለት ምት ሞተሮች ስለሆኑ ጢስ ቢኖራቸው አያስገርምም፤ ዘይት ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ዘይቱን በራሱ ፓምፕ የሚመጥን ዘዴ አበጅቶለት ነበር፤ በብዙ አሮጌ ሞተር ላይ ግን ፓምፑ ከተበላሸ ቆይቶ ባለቤቱ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በጀሪካን ቀላቅሎ ይሞላል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሻጩ ሳይናገር፣ ገዢው ፓምፑ የሚሠራ መስሎት ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶ ሲወጣ ነው፤ ብዙ ሳይርቅ ፒስተኑ ይነክሳል። ስለዚህ ጥያቄው «ዘይት ትበላለች?» ሳይሆን «ዘይት እንዴት ነው የምትሰጧት?» መሆን አለበት። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ይዞ ማርሽ ያስገባል፣ የፊተኛውን ፍሬን ይዞ ይገፋል፤ መሪው ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታው ሄዷል። ካንዴላውን ያስፈታል፤ ቡናማ ከሆነ ደስ ይለዋል፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዋጋ መቀነሻ አገኘ።

ሻጩ በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፦ «ሞተሯ አልተነካችም።» ተፈትታ አልተሠራችም ለማለት ነው። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ሃያ አምስት ዓመት የሄደ ሁለት ምት ሞተር ፋሻው ተለውጦ፣ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ተደርጎ የማያውቅ ከሆነ ወይ አልተነዳም ወይ ሊሞት ነው። በጥሩ እጅ የተሠራ ይሻላል። ገበያው ግን «ያልተነካ» ለሚለው ቃል ገንዘብ ይጨምራል።

ወደ ብሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። አንድ ሰው በ2002 አጋማሽ ሞተሩን በ27 ሺህ ብር ገዛ እንበል። ያን ጊዜ አንድ ዶላር 13 ብር ከሃምሳ አካባቢ ስለነበር የከፈለው ወደ 2 ሺህ ዶላር ነው። በ2017፣ ዶላሩ 130 ብር ገደማ ሲሆን፣ በ150 ሺህ ብር ሸጠው። ጎረቤቱ ሁሉ «ሠርቶባት፣ ነድቷት፣ ደግሞ አተረፈባት» ይላል። በዶላር ሲሰላ ግን የተቀበለው ወደ 1 ሺህ 150 ነው፤ ግማሽ የሚጠጋው በመንገድ ቀርቷል። ሞተሩ አርጅቷል፣ እንደማንኛውም ዕቃ ዋጋውም ወርዷል። ብሩ ፈጥኖ ስለወረደ ነው የወጣ የመሰለው።

ብሩ እንዴት እንደወረደ ብዙዎቻችን በዕድሜያችን አይተናል። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ነበር፤ በ1985 መጀመሪያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። በ2002 ነሐሴ መጨረሻ ወደ 16 ብር ገደማ ዘለለ፣ በጥቅምት 2010 ብሩ በ15 በመቶ ተቀነሰ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ለገበያ ተለቀቀ። በእያንዳንዱ ዝላይ ማግሥት ከውጭ የሚገባው አዲስ ሞተር ዋጋው ይሰቀላል፤ አሮጌው ደግሞ አዲሱን ይከተላል። አዲስ መግዛት ያቃተው ሁሉ ወደ አሮጌው ስለሚዞር አንዳንዴ አሮጌው ቀድሞ ይወጣል። ሆኖም ገንዘቡን ባንክ ካስቀመጠው ይልቅ ሞተር የገዛው ሰው አልተሳሳተም። ግማሹን ማጣት አብዛኛውን ከማጣት ይሻላል፤ በመሃሉም አሥራ አምስት ዓመት ሠርቶበታል። 27 ሺሁ ብር ሳይወልድ እንደተቀመጠ ቢቆይ በ2017 ዋጋው ወደ 200 ዶላር ብቻ ነበር።

ግብርም የራሱን ይገፋል። የመኪናውን ዓለም ያናወጠው የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና ያን ቀን ሳይንቀሳቀስ ዋጋው ጨመረ።

የመንግሥት ውሳኔ ዋጋ ሲያወርድም አይተናል። ሰኔ 30 ቀን 2011 አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል ታገደ፤ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ቀሩ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያና የመንገድ ሥርዓት ነበር። በአንድ ከተማ መንዳት የተከለከለ ሞተር እዚያ ከተማ ውስጥ ምን ያወጣል? ዋጋ የሚያገኘው ወደሚነዳበት አገር ሲወርድ ነው፤ ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ ወላይታ ሶዶ። ክልከላ የዋጋን ቦታ ያዛውራል።

አሁን የአሮጌዎቹን ያማሃዎች ዋጋ ከታች የሚበላው ነዳጅ ነው። በ2014 ሰኔ መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ደረሰ። ሁለት ምት ሞተር በባሕርዩ ካልተቃጠለው ነዳጅ የተወሰነውን በማርሚታው ያስወጣል፤ ዘይትም ከላዩ ይጠይቃል። ጎኑ የቆመው የሕንዱ ቦክሰር ሞተር ደግሞ አራት ምት ነው፦ ይቆጥባል፣ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል፣ ማንኛውም ጎረምሳ መካኒክ ይፈታዋል። ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚያመላልስ ልጅ ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ቦክሰር ይገዛል። ያማሃውን የሚፈልጉት ሌሎች ናቸው፦ በቀን አንዴ ወጥቶ የሚመለስ፣ ግን ጭቃና ዳገት የሚጠብቀው ሰው፤ ቡና ሰብሳቢው፣ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ፣ ከብት ነጋዴው። ገዢው አነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የቀረው ደግሞ የሚፈልገውን በደንብ የሚያውቅ ነው።

አንዳንድ ወጣት ነጋዴዎች «ይህ እኮ ውጭ አገር አንቲክ ነው፣ አስቀምጠው» ሲሉ ይሰማል። በከፊል ልክ ናቸው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው ዲቲ 1 ዛሬ እዚያ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው። የጢስ ሕግ ሁለት ምቱን ከአስፋልት ካባረረው በኋላ በወጣትነታቸው የተመኙት ሰዎች ገንዘብ ሲያገኙ ፈለጉት፤ ሰብሳቢ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያላገኘውን ነው። የእኛ ዲቲ ግን ሌላ ሞዴል፣ ሌላ ዘመን ነው፤ አካሉም ያልተነካ አይደለም። ኮርቻው ለሁለት ሰው ተራዝሟል፣ ሻንሲው ተበይዷል፣ ካርቡራቶሩ የቻይና ነው፣ መብራቱ ከሌላ ሞተር የመጣ ነው። እያንዳንዱ ጥገና እዚህ ዕድሜ ሲጨምርለት እዚያ ዋጋ ይቀንስበታል። ማስቀመጥ ካስፈለገ መቀመጥ ያለበት ከመጀመሪያ ቀለሙና ከመጀመሪያ መለዋወጫው ጋር ያለው ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከአንድ ባለቤት እጅ ያልወጣ፣ በጡረተኛ ጓሮ ሸራ ለብሶ የቆመ ሊሆን ይችላል።

የቀሩት መጨረሻቸው መለዋወጫ መሆን ነው፤ ያም ገበያ የራሱ ሒሳብ አለው። ስም ማዞር የማይችል፣ ሲሊንደሩ ከዚህ በላይ ሬቲፊካ የማይቀበል ሞተር ሙሉውን ከሚሸጥ ተፈትቶ ቢሸጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የኤጂው የኋላ መጫኛ ቦክሰር ላይ ይገጠማል። ቸርኬዎቹ ጥሩ ከሆኑ ወዲያው ገዢ አላቸው። ቢየላና የማርሽ ጥርስ የሚፈልጉት ሌሎች የያማሃ ባለቤቶች ናቸው፤ እነሱም ስልክ ተደዋውለው ከዲላም ከሻሸመኔም ይመጣሉ። ሊብሬው ግን መሸጥ የለበትም፤ ከታርጋው ጋር ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ተመልሶ ሞተሩ ከመዝገብ ይሠረዝ። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ አጠገቡ ቁጢጥ ያለው መካኒክ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን አይጠብቅም፦ «ጋሼ፣ እንደፈለጉ ይሽጡ፤ ኦሪጅናሏን ካርቡራቶር ብቻ ለኔ ይተዉልኝ» ይላል፣ መፍቻውን ይዞ።